ሪችመንድ የሚሄደው ሰው ምን ሠርቶ ያውቃል?

በ2023 ጸደይ የሰማሁት አንድ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቦታው እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። በዋና ከተማው በሪችመንድ ለሚሰበሰበው የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሁለት እጩዎች ሊያነጋግሩን መጥተዋል። ሁለቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው፤ ሰኔ ላይ በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ይፋለማሉ። ስማቸው ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።

አንደኛው እጩ ነጠላ አጣፍቶ ገባ። "እንደምን አመሻችሁ" አለ በአማርኛ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ አንዲት እናት እልል አሉ። ከዚያ ስለ አያቶቹ አጫወተን። ከአውሮፓ በመርከብ እንደመጡ፣ እሱም የስደተኛ ልጅ ልጅ እንደሆነ፣ ቡናችንን እንደሚወድ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያሻሽል፣ የቤት ኪራይ እንደሚያስቀንስ። ሁለተኛዋ እጩ ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው። ንግግሯ ደረቅ ያለ ነው፣ ፈገግታዋም ቆጠብ ያለ። ጭብጨባውም እንደዚያው ሆነ።

ይሄኔ ጋሼ ተነሡ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አርሊንግተን ውስጥ ረጅም ዘመን ታክሲ ነድተዋል። ማይክራፎን ሲሰጧቸው አልፈልግም ብለው በእጃቸው መለሱት። "ሁለታችሁንም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው" አሉ። "እስከዛሬ ምን ሥራ ሠርታችሁ ነው የኖራችሁት? ከዚያ ሥራ ተነሥታችሁ ደግሞ ሪችመንድ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትነኩት ሕግ የትኛው ነው?"

የምታስተረጉመው ልጅ ጥያቄውን አቀረበች። ሰውየው "ጠበቃ ነኝ" አለና ወዲያው ወደ አያቶቹ ተመለሰ። ጋሼ አስጨርሰውት "የትኛውን ሕግ?" ብለው ደገሙ። "የሁሉንም ቤተሰብ ኑሮ የሚያሻሽል ሕግ" አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሴትየዋ ግን ትንሽ አሰብ አደረገች። "ሆስፒታል ውስጥ ሂሳብ ክፍል ነበር የምሠራው" አለች። "መክፈል ያልቻለ ሰው ፋይል ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የሚሄደው በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የምነካው የሕክምና ዕዳ የሚሰበሰብበትን ሕግ ነው።" ቀጠለችና አንድ ያልጠበቅነውን ነገር ጨመረች። ኮሚቴ የሚመድበው አፈ ጉባኤው ነው፣ አዲስ ገቢ የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል፣ ጤና ጉዳዮች ኮሚቴ ካልገባሁ እዚያ ውስጥ ሕጉን የሚደግፍልኝ ሌላ ሰው መፈለግ አለብኝ አለች። ከኋላዬ አንዱ "ዕዳ ስትሰበስብ የኖረች ናት እኮ!" ሲል ሰማሁት። ሌላዋ "ቢያንስ ነገረችን" ብላ መለሰችለት።

እኔን የያዘኝ እዚያ ጋ ያለው ነገር ነው። እጩ ሲመጣ "አጀንዳህ ምንድነው?" ብሎ መጠየቅ ሁሉም ይችላል። "ከየት መጣህ?" ማለትም ቀላል ነው። ጋሼ ሁለቱን አንድ ላይ አሰሩት። የሰውየው ኑሮና የሰውየው ተስፋ ካልተገናኙ አንደኛው ጌጥ ነው ማለት ነው። ይህን ያስተማራቸው ደግሞ የራሳቸው ታሪክ ነው።

አርሊንግተን ሲጮሁ፣ ሪችመንድ ሲፈርም

ድሮ ታክሲ ነጂው ጉዳይ ሲኖረው የሚሄደው ካውንቲው ጋ ነበር። የታክሲ ቁጥር የሚወስነው፣ ታሪፍ የሚያጸድቀው የአርሊንግተን ካውንቲ ቦርድ ነው። ሾፌሮቻችን እዚያ ስብሰባ ላይ ተሰልፈው መናገር ለምደው ነበር። የቦርዱን አባላት በስም ያውቋቸዋል። ኡበርና ሊፍት ሲመጡም የሮጡት ወደዚያው ነው።

ነገሩ የሚወሰነው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሰኔ 2014 ላይ የግዛቱ የሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ዲኤምቪ የምንለው፣ ሁለቱን ኩባንያዎች ሥራ አቁሙ ብሎ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ሾፌሮች ደስ አላቸው። ነሐሴ ላይ ግን ለኩባንያዎቹ ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጣቸው። በ2015 መጀመሪያ የግዛቱ ምክር ቤት ሥራቸውን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፣ አገረ ገዢው ፈረሙ፣ ሐምሌ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። አለቀ። ካውንቲው ለዓመታት የወሰነው የታክሲ ቁጥር በአንድ የሕግ አውጪ ዘመን ዋጋ አጣ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ቁጣቸው አሁንም ትኩስ ነው። "እኛ አርሊንግተን ስንጮህ ሪችመንድ ፈረመ" ይላሉ። "የወረዳዬ ተወካይ ማን እንደሆነ፣ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ፣ አንድ ሰው አልነገረኝም።"

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ቨርጂኒያ ዲሎን ሩል በሚባል መርህ ነው የምትተዳደረው። ካውንቲና ከተማ ማድረግ የሚችሉት ግዛቱ በሕግ የፈቀደላቸውን ብቻ ነው። ፌርፋክስ ለኪራይ ጣሪያ ላብጅ ቢል ሪችመንድ ካልፈቀደ አይችልም። አሌክሳንድሪያ ዝቅተኛውን ደሞዝ ለብቻዬ ከፍ ላድርግ ብትልም እንደዚያው። ደሞዙ ለረጅም ጊዜ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ተቸክሎ ቆይቶ ግንቦት 2021 ወደ 9.50፣ በ2023 ወደ 12 የወጣው የሪችመንዱ ምክር ቤት በ2020 ባወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ ነጠላ ያጣፋው እጩ "ኪራይ አስቀንሳለሁ" ሲል ቢያንስ ሥልጣኑ ያለበት ቦታ ሊሄድ ነው። ግን በየትኛው ሕግ? በየትኛው ኮሚቴ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

እኛ ዲያስፖራዎች ፖለቲካ ብርቃችን አይደለም። በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው የኮንግረስ ውሳኔ፣ ኤች አር 128፣ እንዲያልፍ ስንት ሰው ስልክ እንደደወለ ሁሉም ያስታውሳል። የኮንግረስ ተወካያችንን ስም ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። በ2021 መኸር ደግሞ በባይደን መንግሥት የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ ብዙ ወገኖቻችን ለአገረ ገዢነት ለሪፐብሊካኑ ለያንግኪን ድምፅ ስጡ ብለው ቀሰቀሱ። ቁጣው ይገባኛል። አገር ቤት ሰው እየሞተ ዝም ማለት አይቻልም ነበር። ግን የቨርጂኒያ አገረ ገዢ የአሜሪካን የውጭ ጉዳይ አይመራም። በዚያው ወረቀት ላይ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የግዛቱ ምክር ቤት እጩ ስም ነበረ። በዚያ ቀን መቶውም ወንበር ለምርጫ ቀርቦ የምክር ቤቱ አብላጫ ተገላበጠ። በየካፌው ስንከራከር ስለዚያ ስም አንድም ሰው ሲያነሣ አልሰማሁም።

የእህቴ የሕመም ፈቃድ

ታላቅ እህቴ አዛውንት ትንከባከባለች። ከፋዩ ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን ነው። ይህን ሥራ ስንቱ እህታችን እንደሚሠራው መንገር አያስፈልገኝም። ማለዳ ትነሣለች፣ አውቶቡስ ትይዛለች፣ እናትየዋን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሳለች። በፊት ብትታመም ሁለት ምርጫ ነበራት። ወይ እየሳለች መሄድ፣ ወይ የዚያን ቀን ገንዘብ ማጣት። እየሳሉ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ቤት መግባት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም አይተናል።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ቤት ተቀምጣ አገኘኋት። "ይከፈለኛል" አለችኝ። ለሠራችው ለእያንዳንዱ 30 ሰዓት አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀምላታል፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት። ከየት መጣ ይሄ? ፈለግሁት። በ2021 የወጣ የቨርጂኒያ ሕግ ነው። መጀመሪያ ሲቀርብ ሌሎች ሠራተኞችንም ያካትት ነበር፤ በመንገድ ላይ እየተቆራረጠ በሜዲኬይድ የሚከፈላቸው የቤት ውስጥ ተንከባካቢዎች ብቻ ቀሩ። ሕጉን ያቀረበችው ኤሊዛቤት ጉዝማን ትባላለች።

የጉዝማንን ታሪክ ሳነብ የጋሼ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ፔሩ ተወልዳ ልጇን ብቻዋን እያሳደገች ነው አሜሪካ የመጣችው። የቤት ኪራይ ለመክፈል ሥራ በሥራ ላይ ደርባለች። ከዚያ ተምራ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። በ2017 ነባር ተወካይ አሸንፋ ሪችመንድ ገባች። የሕመም ፈቃዱን ሕግ ዓመት እየጠበቀች ደጋግማ ነው ያቀረበችው፤ ሲወድቅባትም መልሳ አመጣችው። አንድ ሰው ሦስተኛ ሥራው ላይ ሲታመም ምን እንደሚሆን ከጥናት ወረቀት አንብቦ ማወቅ ይቻላል፣ አልክድም። ግን ሕጉ አንዴ ሲወድቅ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ጉዳይ አለመሄድ፣ ለኔ፣ ከኖረበት ሰው ነው የሚመጣው።

ለመሆኑ እንደሷ ያለ ሰው ለምን አይበዛም? ደሞዙን እዩት። የቨርጂኒያ ተወካይ በዓመት የሚከፈለው 17,640 ዶላር ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከጥር ጀምሮ አንድ ዓመት 60 ቀን፣ በሌላው ዓመት ደግሞ 45 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሪችመንድ መክረም አለብህ፣ ቀሪውን ዓመት ደግሞ ሌላ ሥራ ያስፈልግሃል። የጥብቅና ቢሮ ያለው ሰው ይችላል። ጡረታ የወጣ ይችላል። የራሱ ድርጅት ያለው ይችላል። እህቴ ጥር ላይ ለአሠሪዎቿ "ለሁለት ወር ሕግ ላወጣ ነው" ብትላቸው በማግሥቱ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። ስለዚህ እጩዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ኑሮ ርቀው የኖሩ ቢሆኑ አይገርመኝም። ጠበቃ መሆን ነውር አይደለም። ግን ጠበቃ ከሆንክ ለማን ጠበቃ ነበርክ? ለአከራይ ወይስ ለተከራይ? ይህን ብንጠይቀው ኖሮ ያ ሰው ምናልባት ጥሩ መልስ ነበረው። አያቶቹ ጋ ስለሄደ ሳንሰማው ቀረን።

የእኛ ልጅ ሲወዳደር

በ2018 አሌክሳንደር አሰፋ ላስቬጋስ ላይ ለኔቫዳ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጥ ደስታው እዚህ ድረስ ደርሷል። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እዚያ ምክር ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ፎቶው በየስልኩ ዞረ። እኔም ኮርቻለሁ፣ አሁንም ያ ኩራት ስህተት ነበር አልልም። ጥር 2021 ላይ ግን በዘመቻ ገንዘብ አጠቃቀሙ ላይ ፖሊስ ምርመራ እያደረገ ባለበት ወቅት ከወንበሩ ለቀቀ። ያን ጊዜ በማኅበረሰባችን ውስጥ የሆነውን ዝምታ አልወደድኩትም። ሲመረጥ "የእኛ" ነበር፣ ሲለቅ የማንም አልሆነም።

እድራችን ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ እኮ እንደዚህ አያደርግም። የአንድ አገር ሰው ስለሆነ ብቻ ካዝና አይሰጠውም። ቀድሞ ምን ይዞ ነበር፣ ደረሰኝ ይቆርጣል ወይ፣ ሲጠየቅ ይቆጣል ወይ ተብሎ ይመረመራል። ካዝናውን ከያዘም በኋላ ሒሳቡ በየጊዜው ይነበባል። ለግዛት ምክር ቤት የሚወዳደር የእኛ ልጅ ከሌላው እጩ የቀለለ ጥያቄ ይገባዋል ብዬ አላምንም። እንዲያውም የሚጠይቀው ሰው ቋንቋውንም ሰፈሩንም ያውቃልና ጥያቄው ጠለቅ ማለት አለበት።

እዚህ ላይ ሌላም ችግር አለ። በፌዴራል ሕግ የምርጫ ወረቀትና መረጃ በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚገደደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ ስንት ተናጋሪ ቢኖረው በዚያ ሕግ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እናቶቻችን ስለ እጩው የሚያውቁት ወይ ከልጆቻቸው አፍ፣ ወይ ነጠላ አጣፍቶ ከመጣው ከራሱ ነው። ነጠላው መጥፎ ነው አልልም። አክብሮቱን ወድጄዋለሁ። ብቻውን ሲሆን ግን አይበቃም።

ገንዘቡ ከየት ነው

ያን ምሽት ጋሼ አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር። "የመብራት ኩባንያው ገንዘብ ሰጥቷችኋል?" አሉ።

ለማያውቅ ሰው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለግዛት እጩ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ግለሰብም ኩባንያም የፈለገውን ያህል መስጠት ይችላል፣ ግዴታው ማሳወቅ ብቻ ነው። የመብራት ኩባንያው ዶሚኒየን ኢነርጂ ለዓመታት ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዱ ሆኖ ኖሯል። የዶሚኒየን ታሪፍ የሚታይበትን ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ያው ምክር ቤት ነው። በሌላ በኩል ከ2018 ጀምሮ ክሊን ቨርጂኒያ የሚባል ቡድን የዶሚኒየንን ገንዘብ አልቀበልም ለሚል እጩ እሱ ራሱ ገንዘብ ይሰጣል። እሱም የቆመው በአንድ ባለሀብት ገንዘብ ነው።

መልሱ ግራ አጋባኝ። ነጠላ ያጣፋው እጩ "ከዶሚኒየን አምስት ሳንቲም አልወሰድኩም" አለ፤ እውነቱን ነበር። ሴትየዋ "ወስጃለሁ" አለች። ምን ያህል እንደሆነ ተናገረች፣ የሕዝብ መዝገብ ላይ ማየት ትችላላችሁም አለች። አዳራሹ ለሁለተኛ ጊዜ አጉረመረመ። እኔም ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ምክንያቱም እስከዚያች ደቂቃ ልቤ ወደሷ ሄዶ ነበር።

ቤት ገብቼ ቪፓፕ የሚባለውን ድረ ገጽ ከፈትኩ። የቨርጂኒያ እጩዎች ማን ምን ያህል እንደሰጣቸው በስምና በቀን ተዘርዝሮ የሚታይበት ነው፣ ነጻ ነው። ሁለቱም የተናገሩት ልክ ነበር። የሰውየው ዝርዝር ላይ ግን ትልልቆቹ ስሞች የቤት አልሚዎች ሆነው አገኘኋቸው። ኪራይ አስቀንሳለሁ ያለው ሰው ማለት ነው። አልሚ ገንዘብ ሰጠ ማለት ሰውየው ተገዛ ማለት አይደለም፤ ቤት ካልተሠራ ኪራይ አይረክስም የሚል ክርክርም አለ፣ ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። ግን ያን ምሽት ስለሱ አልነገረንም።

ብዙ አሰብኩበትና ለሴትየዋ ድምፄን ሰጠሁ። ምክንያቴ ይሄ ነው። የወሰደችውን ገንዘብ አውቀዋለሁ፣ ስለ መብራት ሕግ ድምፅ ስትሰጥ ቆሜ ማየት እችላለሁ፣ ደውዬም ልጠይቃት እችላለሁ። ሥራዋንም አውቀዋለሁ። የሰውየውን ሥራ ግን ራሱም ሊነግረን አልፈለገም። ጋሼ በበኩላቸው የመብራቱ ነገር አልዋጥ ብሏቸው ለሰውየው ሰጡ። አሁንም ስንገናኝ እንከራከራለን።

ድምፅ ለውጥ አያመጣም ለሚል ሰው ደግሞ የቨርጂኒያዋን ከተማ ኒውፖርት ኒውስን ልጥቀስ። በ2017 ለተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደሩት ሼሊ ሳይመንድስና ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው የተለየው ጥር 2018 ላይ ከጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በወጣ ዕጣ ነው። የወጣው የያንሲ ስም ነበር፣ ፓርቲውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዞ ቀጠለ። ጉዝማንም በ2023 ለሴኔት ስትወዳደር ፕራይመሪውን የተሸነፈችው በጣም በጠባብ ልዩነት ነው። የአንድ እሑድ ቅዳሴ ታዳሚ ከዚያ ይበዛል።

በ2027 መቶውም የተወካዮች ወንበርና አርባውም የሴኔት ወንበር አንድ ላይ ለምርጫ ይቀርባሉ። በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ወረዳዎች ነገሩ የሚያልቀው ኅዳር ላይ ሳይሆን ሰኔ ላይ፣ ሰው በማይወጣበት ፕራይመሪ ነው። እዚህ ግዛት በፓርቲ መመዝገብ የለም፣ ዜጋ ሆኖ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ሄዶ መምረጥ ይችላል። ድምፅ መስጠትም ከ45 ቀን በፊት ይጀመራል። ለተወካይነት ለመወዳደር ከወረዳው የ125 መራጭ ፊርማ ይበቃል፤ ፊርማ አሰባሳቢዎቹ ብርዱ ሳይወጣ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ይቆማሉ። ጥያቄ ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ያኔ ነው፣ እጩው ፊርማችንን ሲፈልግ።

እህቴ የራሷን ጥያቄ ከአሁኑ አዘጋጅታለች። የተንከባካቢዎች የሰዓት ክፍያ የሚወሰነው በግዛቱ በጀት ውስጥ ነው። ለሰሜን ቨርጂኒያ አንድ ተመን አለ፣ ለቀረው ግዛት ሌላ። "ተመኔን ታውቀዋለህ ወይ?" ነው የምትለው። ካወቀው "በሚቀጥለው በጀት ላይ ስንት እንዲሆን ትጠይቃለህ?" ትላለች። ካላወቀው ደግሞ ቁጥሩን ነግራው በሳምንቱ መልሶ እንዲደውልላት ስልኳን ትሰጠዋለች።